ሸክላና ሐሩር፤ በአዋሽና በሰመራ ቤቶች ስለ ሙዚቃ ሸክላ አያያዝ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በአዋሽ ሸለቆ ከተሞች፥ በተለይም በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ፥ በአንዳንድ ቤቶች የተቀመጡ የሙዚቃ ሸክላዎች አሉ። ቁጥራቸው ብዙ ነው ለማለት አይቻልም፤ ያሉትም እየቀነሱ ይሄዳሉ። ባለቤቶቹ ምክንያቱን ሲጠየቁ «ምን ይደረግ፥ አረጁ» ብለው ይመልሳሉ። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ መልስ በቂ አለመሆኑን ነው። ሸክላ በእርጅና ብቻ አይጠፋም። በሙቀት ይጎብጣል፥ በአቧራ ይፋቃል፥ ብዙ ጊዜም ሊያጸዱት በተነሡ ደግ እጆች ይበላሻል። ስለዚህ ሂሳችን የሚያርፈው በራሳችን አሠራርና ሳንመረምር በምንቀበለው ምክር ላይ ነው። ባጭሩ ለማለት የምንፈልገው፥ በእኛ ቆላ ሸክላን ማቆየት ሸክላን ከማጽዳት መቅደም አለበት ነው።

ነገሩ የኮሌጅ ተማሪን ጊዜ የሚያጠፋ ተራ የቤት ጉዳይ ነው የሚል ወገን እንደሚኖር እናውቃለን። በበኩላችን ግን እንዲህ እናስባለን። አንድ ሰው የብራና መጽሐፍ በሳሙና ሲያጥብ ብናይ ደንግጠን እጁን እንይዘዋለን፤ የአያቶቻችን ድምፅ የተቀረጸበት ሸክላ በአረቄ ሲፈተግ ግን ዝም ብለን እናልፋለን። ሁለቱም ሰነዶች ናቸው። እንዲያውም በብራናው ላይ ያለው ቃል በሌላ ብራና ሊገለበጥ ይችላል፤ የሰው ድምፅ ግን ዘፋኙ ከሞተ በኋላ እንደገና ሊቀረጽ አይችልም።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካልገለጽን በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

1. ስሙ ያሳተን ነገር

ሕዝባችን ለዚህ ዕቃ የሰጠው ስም «ሸክላ» የሚል ነው። ስሙ ለፊተኛው ዓይነት እጅግ ይስማማዋል። ከግራሞፎን ዘመን ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ ድረስ በሰፊው ሲሠራበት የኖረው፥ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ፥ ሼላክ ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር የተሠራ ነው። ሼላክን የምታመነጨው በህንድና በአካባቢው አገሮች በዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት ናት። ይህ ሙጫ ከድንጋይ ዱቄትና ከጥላሸት ጋር ተደባልቆ በሙቀት ሲጨፈለቅ ሸክላ ይሆናል። ከባድና ወፍራም ነው፤ ከእጅ ሲወድቅም እንደ ገንቦ ይሰበራል።

በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረውን ረጅሙን ሸክላ፥ በ1949 ደግሞ አር ሲ ኤ ቪክተር 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ አወጡ። እነዚህ ቪኒል ከሚባለው ፕላስቲክ የሚሠሩ ናቸው። ቀላልና ለዘብ ያሉ ስለ ሆኑ ቢወድቁም በቀላሉ አይሰበሩም። እንግዲህ ዕቃው ተለወጠ፤ ስሙ ግን ባለበት ቀረ።

የስሕተታችን መጀመሪያ እዚህ ላይ ይመስለናል። እውነተኛውን ሸክላ፥ ማለት ጀበናውንና ምጣዱን፥ እሳት ያጠነክረዋል፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም ምንም አይሆንም። የሙዚቃው ሸክላ ግን በሁለቱም ዓይነቱ ከስሙ ይለያል። ቪኒሉን ሙቀት ያለሰልሰዋል፤ ሼላኩን አልኮል ያሟሟዋል። ስለዚህ አንድን ሸክላ ከመንካታችን በፊት «ይህ ከምን ተሠራ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። መልሱን ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። ከባድ፥ ወፍራምና ድርቅ ያለ ሆኖ በመካከሉ ባለው ወረቀት ላይ 78 የሚል ቁጥር ካለበት ሼላክ ነው ብሎ መጠንቀቅ ይሻላል። ቀላልና ለዘብ ያለ ሆኖ 45 ወይም 33 የሚል ከተጻፈበት ቪኒል ነው ለማለት ይቻላል።

ስለ ፈሩም ጥቂት ቃል መጨመር ያስፈልጋል። ድምፁ ያለው በሸክላው ላይ እንደ እርሻ ፈር በተቀረጸው ጠባብ መስመር ግድግዳ ላይ ነው። በቪኒል ሸክላ የዚህ ፈር ስፋት ከአንድ የሰው ጠጕር ውፍረት ብዙም አይርቅም። መርፌው የሚጫነው ክብደት ጥቂት ግራም ቢሆንም፥ የሚያርፍበት ቦታ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ ግፊቱ ብርቱ ነው። በፈሩ ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካለች መርፌው እርሷን እየገፋ ግድግዳውን ይፍቀዋል። የተፋቀው ግድግዳ ራሱ ድምፁ ስለ ሆነ፥ በኋላ የሚደረግ ማናቸውም እጥበት አይመልሰውም።

2. የሚጠፋው ምንድር ነው?

የኢትዮጵያ ድምፅ በሸክላ መቀረጽ ከጀመረ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ዘፈኖች የዚህ ታሪክ መነሻ ተብለው ይጠቀሳሉ። የጅቡቲ ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ብዙ የውጭ አገር ዕቃ ወደ መካከለኛው አገር ይገባ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎም የዚህ መንገድ ልጅ ናት። ጣቢያዋ፥ የጣቢያው ምግብ ቤትና የሠራተኞቹ ሰፈር የተሠሩት በባቡሩ ምክንያት ነው። በአንዳንድ የባቡር ቤተሰብ ቤት ዛሬም ባለ 78 ሸክላ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም።

ሁለተኛው ዘመን የቪኒል ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፥ በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ በድፍረት የራሱን ድርጅት አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። በ1975 ከአገር እስከ ወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ረጃጅሞችን አሳትሟል። ከእነዚህም ውስጥ የማሕሙድ አሕመድና የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ይገኛሉ። ካይፋንና ፊሊፕስን የመሳሰሉ ሌሎች አሳታሚዎችም ነበሩ። ነገር ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ገበያውን ወሰደውና የሸክላው ኅትመት ቆመ። እንግዲህ የዘመናዊው ዘፈናችን የቪኒል ዘመን አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነበረ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው አንባቢን ለማስደነቅ አይደለም። አሥር ዓመት ብቻ የታተመ ነገር መጠኑ የተወሰነ ነው፤ አንዱ በጎበጠ ቁጥር ከዚያው ከተወሰነው ይቀነሳል። በአዋሽ ወይም በሰመራ ያለ አንድ ሸክላ ከአዲስ አበባው ሸክላ ያነሰ ዋጋ የለውም። ምናልባትም ንጹሕ ሆኖ የቀረው ቅጂ እርሱ ይሆናል።

3. ለሌላ አገር የተጻፈ ምክር

ስለ ሸክላ አጠባበቅ በዓለም ብዙ ተጽፏል። በ1959 ፒኬትና ሌምኮ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጁት ጥናት የዚህ ትምህርት መሠረት ነው ለማለት ይቻላል። ዛሬ በሰፊው የሚሰጠው ምክር፥ ሸክላ ቀጥ ብሎ ይቁም፥ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይቀመጥ፥ እርጥበቱም መካከለኛ ይሁን የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ለቤት ሰው ተብለው የሚዘጋጁት መመሪያዎች የክፍሉን ሙቀት እንደ ተፈታ ነገር ቆጥረው ያልፉትና ቀሪውን ገጽ ሁሉ በማጽጃ መድኃኒትና በብሩሽ ዓይነት ይሞሉታል። በቀዝቃዛ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ይበቃዋል። እኛ ግን መመሪያውን እንዳለ ስንቀበል ዋናውን ጠላት ትተን ትንሹን እናሳድዳለን።

ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። አዋሽ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፥ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። በሰመራ በሰኔና በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ መሄዱ የተለመደ ነው። ይህም የጥላው ሙቀት ነው እንጂ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለው አይደለም። ቪኒል ወደ 60 ዲግሪ ሲቃረብ ፈጥኖ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ጋደል ብሎ ወይም ክብደት ተጭኖበት ብዙ ቀን ከቆየ ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለቃል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ሸክላ ደግሞ ከአንድ ቀን ሊያልፍ አይችልም።

በሰመራ በአንድ ቤት ያየነው ለምሳሌ ይሆናል። ቤተሰቡ ወደ ከተማይቱ ሲዛወር ሸክላዎቹን በካርቶን አድርጎ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጣቸው። ይህን ያደረጉት ሸክላዎቹን ስለ ናቁ አይደለም፤ ልጆች እንዳይነኩአቸው ብለው ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ግን ከቤቱ ሁሉ የባሰው ቦታ ያ ነበር። ከሁለት በጋ በኋላ ካርቶኑ ሲወርድ ሸክላዎቹ ዳር ዳራቸው ተነሥቶ እንደ ሰፌድ ሆነው ተገኙ። ፊታቸው ንጹሕ ነበር፤ አንድም ጭረት አልነበረባቸውም። መርፌው ግን አንዱን ዙር እንኳ ሳይጨርስ ይዘላል። በንጽሕና በኩል ምስጉን፥ በጥበቃ በኩል ግን የጠፉ ሸክላዎች ነበሩ።

ሌላም ምክንያት አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የቆየው የመሬት መንቀጥቀጥ፥ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ምን እንደሚደርስበት ለአዋሽ ሰዎች አሳይቷል። ሼላክ ደግሞ አንድ ጊዜ ከወደቀ ወደቀ ነው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ የቆላውንም በጎነት መናገር ይገባናል። በደጋ በክረምት የሸክላ ልባስ ይሻግታል፤ ፈሩም ውስጥ ሻጋታ ይገባል። በእኛ ደረቅ አየር ይህ ችግር ያን ያህል አይታይም። ይሁን እንጂ ድርቀቱ የራሱ ጣጣ አለው። ደረቅ አየር በሸክላው ላይ ኤሌክትሪክ እንዲጠራቀም ስለሚረዳ አቧራው ተጣብቆ አልለቅ ይላል። የወረቀት ልባሱን ደግሞ ምስጥ ይበላዋል።

4. የማጽዳት ልማዳችን

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት ሳንደብቅ እንናገራለን። በአዋሽ ሰባት ኪሎ በባቡር ሥራ ያረጁ አንድ ሽማግሌ ከአባታቸው የወረሱትን አንድ ባለ 78 ሸክላ አሳዩን። በመካከሉ የነበረው ወረቀት ተበልቶ ጽሑፉ አይነበብም። አባታቸው ዘፋኙን «ያ መሰንቆ መቺ» እያሉ ያነሡት እንደ ነበር ያስታውሳሉ፤ ስሙን ግን ረስተውታል። እኛም ውሃ የተቀላቀለበት አልኮል ለሸክላ ጥሩ ነው የሚል አንብበን ነበርና እንድናጸዳላቸው ፈቃድ ጠየቅን። የተባለውን መድኃኒት ስላላገኘን በአረቄ ተካነው። ጨርቁ ሲጠቁር ቆሻሻው ለቀቀ ብለን ደስ አለን። ጨርቁን ያጠቆረው ግን ሸክላው ራሱ ነበረ። ሲደርቅ ወዙ ጠፍቶ ሻካራ ሆነ፤ በግራሞፎኑ ላይ ሲደረግም ከሹክሹክታ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው አልተቈጡንም። «አይዟችሁ ልጆቼ፥ ለበጎ ብላችሁ ነው» አሉን። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም «ከነአቧራው ግን ይሰማኝ ነበር» አሉ።

ያነበብነው ምክር ውሸት አልነበረም፤ ለቪኒል የተነገረ ነበር። እኛ «ሸክላ» የሚለውን ስም ብቻ አይተን ለሼላክ አደረግነው። በዚህም ምክንያት ያ መሰንቆ መቺ ማን እንደ ነበረ በድምፁ ለመለየት የሚቻልበት መንገድ ተዘጋ።

በሌሎችም ቤቶች የሰማናቸውን ልማዶች በአጭሩ እንመልከት። አንዳንዶች በላምባ ይወለውላሉ። ላምባ ሸክላውን ለጊዜው ያበራዋል፤ ነገር ግን የሚተወው ቅባት አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል። ቤንዚን ከዚህ የባሰ ነው፤ ቪኒሉን ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ሌሎች በልብስ ዱቄት ሳሙና ያጥባሉ። ዱቄቱ ሳይሟሟ የቀረው ቅንጣት ይጭራል፤ ሽቶውና ሌላው ድብልቅም በፈሩ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ደረቅ ጨርቅ ይዞ ማሸትም ልማድ ነው። ይህ አቧራውን ወደ ፈሩ እየገፋ፥ ሸክላውንም ይበልጥ ኤሌክትሪክ እያሸከመ ለሚቀጥለው አቧራ ያዘጋጀዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ አፍስሶ ሲደርቅ መላጥ የሚባል ዘዴም ከውጭ አገር መጥቷል። በቪኒል ላይ የተሳካላቸው አሉ ይባላል፤ ኮላው በፈሩ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ግን የሚያወጣው የለም። በሼላክ ላይ ከቶ አይሞከርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የውሃው ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ በብዙ ቦታ ጨውና ማዕድን ይበዛበታል። በዚህ ውሃ ሻይ የሚያፈላ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ሸክላውን በዚሁ ውሃ አጥቦ ማድረቅ ማለት ያን ቅርፊት በፈሩ ውስጥ መዝራት ነው። ባለቤቱ አቧራ አስወግዶ በምትኩ ድንጋይ ያስገባል።

5. ጩኸቱ ትዝታ አይደለም

የሚቀጥለው ሂሳችን ለእኩዮቻችን ነው። ብዙ ወጣቶች የሸክላው መንጨርጨርና መቀጨት «የድሮ ጣዕም» ነው እያሉ ያደንቁታል። በአዲስ ሙዚቃ ላይ ያንን ጩኸት ሆን ብለው የሚጨምሩም አሉ። ይህ አስተሳሰብ የዋህ ቢመስልም ጉዳት አለው፤ ጩኸቱን የሚወድ ሰው ቆሻሻውን የሚያስወግድበት ምክንያት የለውምና።

ትዝታ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ጓደኞቹም ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ባቲ ስሟን የምትጋራው ከተማ በአፋር ቆላና በወሎ ደጋ መካከል ያለች የገበያ ከተማ መሆንዋን የሰመራ ሰው አይስተውም። በእነዚህ ቅኝቶች የዘፈኑት ሰዎች በቀረጻው ክፍል ውስጥ ያሰሙት ዘፈን እንጂ መንጨርጨር አልነበረም። ጩኸቱ ከእነርሱ በኋላ በእኛ ቤት የተጨመረ ነው። ስለዚህ ጩኸቱን ስናደንቅ የምናደንቀው የራሳችንን ቸልተኝነት ነው።

ከዚህም በላይ ጉዳዩ የቋንቋ ነው። የአማርኛ ዘፈን ብዙ ጊዜ በሰምና ወርቅ ይቆማል። ወርቁ የሚገኘው አንድ ፊደል ላልቶ ወይም ጠብቆ በመነገሩ ነው። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ «ይገኛል» ይሆናል። በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም፤ የሚለያቸው ድምፅ ብቻ ነው። በዚያች ፊደል ላይ የአሸዋ ቅንጣት ብትጮኽ አድማጩ ሰሙን ይዞ ወርቁን ያጣል። እንደ ሰ፥ ሸና ጸ ያሉት ፊደላት ደግሞ ቀጭን ድምፅ ስላላቸው ፈሩ ሲፋቅ ቀድመው ከሚደበዝዙት ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ዘፈንን ለመተቸት የሚፈልግ ተማሪ በመጀመሪያ የሚሰማው ዘፈኑን ይሁን ወይም አቧራውን ለይቶ ማወቅ አለበት።

6. ለተቃውሞ መልስ

«ሁሉም በኮምፒዩተር ተገልብጧል፤ ሸክላውን ማስቀመጥ ምን ይጠቅማል?» የሚል ተቃውሞ ይቀርብልናል። እርግጥ ነው፥ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ስም ያወጣቸው ተከታታይ እትሞች ብዙውን የዚያን ዘመን ሥራ ለዓለም አሳውቀዋል። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ሦስት ነገር መታሰብ አለበት። አንደኛ፥ ሁሉም አልተገለበጠም፤ የሽማግሌው መሰንቆ መቺ ለዚህ ምስክር ነው። ሁለተኛ፥ የቀረጻው ዋና ቴፕ በጠፋ ጊዜ ቅጂ የሚወሰደው ከሸክላ ነው፤ ከቆሸሸ ሸክላ የሚወሰደው ቅጂ የቆሸሸ፥ ከጎበጠ የሚወሰደውም የሚዋዥቅ ነው። ሦስተኛ፥ በሸክላው ወረቀትና በልባሱ ላይ ያለው ጽሑፍ የባንዱን፥ የዜማ ደራሲውንና የአሳታሚውን ስም ይዟል፤ ድምፁ ብቻ ሲገለበጥ ይህ ይቀራል። ደግሞም የቆላ ሙቀት ለኮምፒዩተርም አይራራም።

7. ምን ይደረግ?

ተቺ ብቻ ሆነን እንዳንቀር፥ በማናቸውም ቤት ሊደረግ የሚችለውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ቦታውን መምረጥ ነው። ሸክላዎቹ ከቤቱ ሁሉ በሚቀዘቅዘው ክፍል፥ ፀሐይ በማይመታው የውስጥ ግድግዳ አጠገብ፥ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብለው ይቀመጡ። ከመሬት ከፍ ማለቱ ለምስጥና ለጎርፍ፥ ዝቅ ማለቱ ለሙቀትና ለመንቀጥቀጥ ይጠቅማል። መጽሐፍ እንደሚቆም ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እንዳይጋደሙ ከግራና ከቀኝ ይደገፉ፤ እርስ በርስም አይጨናነቁ። ለስላሳና የሚያጣብቅ የፕላስቲክ ልባስ በሙቀት ከቪኒሉ ጋር ይያያዛልና ንጹሕ ወረቀት ይሻላል።

ሁለተኛ፥ አቧራውን ከመርፌው በፊት ማስወገድ ነው። ለስላሳና አዲስ ብሩሽ የፈሩን አቅጣጫ ተከትሎ በቀስታ ይዞር። ጣት ፈሩን አይንካ፤ ሸክላ የሚያዘው በጠርዙና በመካከሉ ወረቀት ነው። መርፌውም ለሸክላው የተሠራ መሆን አለበት። የ78 መርፌ ጫፉ ወፍራም ስለ ሆነ የቪኒልን ጠባብ ፈር ያበላሻል።

ሦስተኛ፥ ማጠብ የግድ ሲሆን ብቻ ይታጠብ። የተጣራ ውሃ በአዋሽም በሎግያም በሰመራም ማግኘት አይከብድም፤ የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች መንገድ ስለሚያልፍ ለባትሪ የሚጨመር የተጣራ ውሃ በጋራዥና በመለዋወጫ ሱቅ ይሸጣል። ነገር ግን የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ዕቃ ስለሚሸጥ ገዢው ጽሑፉን ሳያነብ አይውሰድ፤ ስሕተቱ ከሸክላው አልፎ እጅንና ዓይንን ይጎዳል። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ሽቶ የሌለው ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። የመካከሉ ወረቀት ሳይነካ፥ በለስላሳ ጨርቅ በፈሩ አቅጣጫ ይታጠብና በንጹሕ የተጣራ ውሃ ሁለት ጊዜ ይለቅለቅ። ከዚያም ነፋስ አቧራ ሳያነሣ፥ ጧት በጥላ ቆሞ ይድረቅ። ሼላክ ከሆነ አልኮል ከቶ አይቅረበው፤ እርጥበቱም በቶሎ ይድረቅ። የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ባይነካ ይሻላል። የጎበጠውንም ፀሐይ ላይ አድርጎ ድንጋይ በመጫን ለማቅናት የሚሞክር ሰው ፈሩን እንደሚያጠፋ ይወቅ።

አራተኛ፥ የሚታወቀው ሁሉ ይጻፍ። ባለቤቱ ስለ ሸክላው የሚያስታውሰውን፥ ማን እንደ ዘፈነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ መቼ እንደ ተገዛ፥ በወረቀት ጽፎ ከሸክላው ጋር ያስቀምጥ። ይህ ውሃም መድኃኒትም አይጠይቅም፤ ከሁሉ የሚበልጥ ጥበቃ ግን ይመስለናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ገለጽነው፥ በአዋሽና በሰመራ ሸክላን የሚያጠፋው እርጅና ብቻ አይደለም። ስሙን እንጂ ዕቃውን ሳናውቅ መንካታችን፥ ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈ ምክር ሳንመዝን መቀበላችን፥ ጩኸቱንም ከዘፈኑ ሳንለይ መውደዳችን አብረው ያጠፉታል። የመጀመሪያው እርምጃ ጨርቅና መድኃኒት መግዛት ሳይሆን ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ ማውረድ ነው። ይህንንም ዛሬ ማታ ማድረግ ይቻላል።

ለመምህራኖቻችንና ለጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየቤታቸው የሚሄዱ ተማሪዎች፥ በቤተ ዘመዳቸው ያለውን ሸክላ ከቦታው ሳያነሡና ሳያጥቡ፥ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ገልብጠው ቢመጡ ለጥናት የሚሆን መዝገብ ይገኝ ነበር። የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለቦታው ቅርብ ስለ ሆኑ ከማንም ይልቅ ሊረዱን ይችላሉ። በጽሑፋችን ጉድለት የሚያገኝ አንባቢ ቢያርመን ደስ ይለናል። የእኛ የእውቀት ጉድለት አንድ ጊዜ አንድ ዘፋኝ ዝም አሰኝቷልና፥ እርማትን የምንፈራበት ምክንያት የለንም።